የቀዘቀዘው ማዕድ
(ስለ መዘግየትና ስለ መጠበቅ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የጾም ነገር ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠያየቀው ምን እንደማይበላ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾም፣ ስንት እንደሚሰገድ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ግን የቀኑ ጾም ከተፈጸመ በኋላ፣ ማታ ማዕድ ቀርቦ ሳለ ስለሚሆነው አንድ ነገር እንነጋገራለን። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ነው። «አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ» ያለ ባል ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቢመጣ ኃጢአት ነው ወይ? ስትጠብቀው ያመሸችው ሚስትስ ብትቈጣ ይፈረድባታል ወይ?

«ይህም ጥያቄ ሆኖ ይጻፋል?» የሚል አይጠፋም። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ብዬ ነበር። ኋላ ግን ጥያቄው ወደ ራሴ ቤት ገባና ዝም አሰኘኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው

ሐረርን የሚያውቅ ሰው መኪና ግርግርን ያውቃል። ከፈረስ መጋላ ወደ ጁገል ውስጥ የሚወርደው ጠባብ መንገድ ነው። ልብስ ሰፊዎች በግራና በቀኝ ተደርድረው፣ ጨርቁ ከላይ ተንጠልጥሎ፣ የስፌት መኪናው ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ አያቋርጥም። ስሙም የወጣለት ከዚያው ድምፅ ነው።

እኔ በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ባልና ሚስት አሉ። እሱ በዚያ መንገድ ልብስ ሰፊ ነው። ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሁለት ልጆችም አሏቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ታሪካቸውን እንድጽፍ ግን ሁለቱም ፈቅደውልኛል።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሲገባ ሁለቱ ተስማሙ። «ቀን በየፊናችን ብንጾምም ማታ አንድ ላይ እንፍታ፤ አንድ ሰዓት ላይ ቤት እገኛለሁ» አላት። እሷም እስከዚያ ሰዓት እህል ላትቀምስ ወሰነች። መልካም ስምምነት ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ጠበቀው። በሁለተኛው ሳምንት ግማሽ ሰዓት ዘገየ። በሦስተኛው አንድ ሰዓት። የትንሣኤ ልብስ የሚያሰፋው ሕዝብ እየበዛ ሲሄድ መዘግየቱም አብሮ በዛ።

የመጻጉዕ ሳምንት ሐሙስ ዕለት ነው። አንድ ሰዓት ሲሆን ስልክ ደወለች። «እየመጣሁ ነው፤ መንገድ ላይ ነኝ» አላት። ከድምፁ ኋላ ግን የስፌት መኪናው ትር ትር ሲል ይሰማታል። ምንም አላለችም፤ ስልኩን ዘጋች። ሽሮውን ከከሰሉ አወረደች። መልሳ ጣደች። እንደገና አወረደች። ልጆቹን አብልታ ልታስተኛ ስትል ታናሽየው «አባዬ የት ደረሰ?» ብሎ ጠየቀ። «መንገድ ላይ ነው» አለችው። የሰባት ዓመቱ ታላቅ ወንድሙ ምን ቢል ጥሩ ነው? «መንገድ ላይ ነው ማለት ገና ሱቅ ነው ማለት ነው» አለ።

ሁለት ሰዓት አለፈ። ሁለት ተኩል ሆነ። አሁን ንዴቷ ወደ ፍርሃት ተለወጠ። ባጃጅ ገጭቶት ይሆን? በሌሊት የሚሄድ ሰው በእኛ ከተማ ከጅብ ጋር መተላለፉ የታወቀ ነው፤ የከተማችን ጅብ ለምዶ ነው እንጂ ጅብ ያው ጅብ ነው። ስልኩን ደግማ ብትሞክር ተዘግቷል። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የግቢው በር ተንኳኳ። በሰላም መግባቱን ባየች ጊዜ ፍርሃቱ ሄደ፤ በእሱ ቦታ ንዴቱ በእጥፍ ተመለሰ። ሰውን ስንጠብቅ እንዲህ ነው። ሳይመጣ «ብቻ በሰላም ይምጣ» እንላለን፤ በሰላም ሲመጣ ደግሞ በሰላም ስለ መጣ እንቈጣዋለን።

«ደንበኛ ይዞኝ ነው» አለ፤ ይቅርታ አላለም። እሷም የደረቀውን ሽሮ አቀረበችና «እኔ አልበላም» ብላ ተነሣች። «ኧረ አቦ! ለማን ብዬ ነው የምለፋው?» አለ። ከዚህ በኋላ ያለውን እኛም በግድግዳው በኩል ሰምተነዋል። ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን አልተነጋገሩም። እሑድ፣ የደብረ ዘይት ዕለት፣ ከቅዳሴ መልስ ግቢው በር ላይ ተገናኘንና እሷ «ዲያቆን፤ እስቲ አንተው ፍረደን» አለችኝ።

የባል ክርክር

እሱ ያለኝ ይህን ነው። «የቤት ኪራይ አለ፤ የልጆች ትምህርት ቤት አለ። የበዓል ሰሞን ካልሠራሁ መቼ ልሠራ? ሰውዬው ፊት ለፊቴ ቆሞ ‹ነገ መንገደኛ ነኝ፣ ጨርስልኝ› ሲለኝ እንዴት ትቼው ልነሣ? ቃል ገብቼለታለሁ።»

እውነቱን ነው። ሰው ለቤቱ ሲል መድከሙ ጽድቅ እንጂ ነውር አይደለም። ነገር ግን «ቃል ገብቼለታለሁ» ያለውን ልብ አድርጉ። በዚያች ማታ ይህ ወንድማችን ሁለት ቃል ነበረበት፤ አንዱ ለደንበኛው፣ አንዱ ለሚስቱ። የደንበኛውን ጠበቀ፤ የሚስቱን አፈረሰ። ለምን? ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና ያልጠበቅሁትን መለሰልኝ። «ደንበኛው ይሄዳላ! እሷ የት ትሄዳለች?»

ወገኖቼ፤ ክርክሩ ሁሉ እዚህች ቃል ላይ አለ። የምንዘገየው የማይተወን ሰው ላይ ነው። ለአለቃችን፣ ለቀጠሮ፣ ለባንክ፣ ለአውቶቡስ አንዘገይም፤ አውቶቡሱ ጥሎን ይሄዳልና። የሚጠብቀንን ግን እናስጠብቀዋለን። ስለዚህ መዘግየታችን የፍቅር ማነስ ብቻ አይደለም፤ ከዚህም የባሰ ነው። የሌላውን ሰው ታማኝነት እንደማያልቅ ገንዘብ አድርገን እንመነዝረዋለን። እስቲ እናስላው። በቀን ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በስምንቱ የጾም ሳምንታት 80 ሰዓት ይመጣል። ይህም ከሦስት ቀንና ሌሊት ይበልጣል። ከሰው ኪስ ብር ብንወስድ «ሌባ» እንባላለን፤ ይህን ያህል ዕድሜ ወስደን ግን «ደንበኛ ይዞኝ ነው» እንላለን።

ሌላም ነገር ነገረኝ፤ ይህን ሲናገር አንገቱን ደፍቶ ነበር። በዚያ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱቁ ውስጥ የምስር ሳምቡሳ በሻይ ቀምሷል። የጾም ምግብ ነው፤ ሰዓቱም ደርሷል፤ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን እሷ እስከ ማታ እንደምትቆይ እያወቀ አልነገራትም። ለጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም እንዲሉ፣ ሰዓቱ እንዴት እንዳለፈ አልታወቀውም። ይልቁንም «መንገድ ላይ ነኝ» ያላት ነገር ይከብዳል። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ቃላችን አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም እንዲሆን አስተምሮናል። መዘግየት ሰዓት ይወስዳል፤ ውሸት ግን እምነት ይወስዳል። ሰዓቱን ነገ ቀድሞ በመምጣት ይክሰው ይሆናል። ልጁ «መንገድ ላይ ነው ማለት ገና ሱቅ ነው ማለት ነው» ብሎ የተረጐመውን ቃል ግን በምን ይመልሰዋል? ሕፃኑ የአባቱን ቋንቋ ተምሮ ጨርሷል።

የሚስት ክርክር

እሷ ደግሞ እንዲህ አለች። «እኔ የመዘግየቱ ነገር አይደለም ያቃጠለኝ። ‹ዛሬ ሦስት ሰዓት እመጣለሁ› ቢለኝ እስማማ ነበር። የሽሮው ነገርም አይደለም። እንደ ዕቃ መቈጠሬ ነው።»

ፍርዷ ትክክል ነው። ቁጣ ሁሉ ኃጢአት አይደለም፤ የተበደለ ሰው መበደሉን ማወቁና መናገሩ የተገባ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት ያዘዘው ስንቈጣ እንዳንበድልና ፀሐይ በቁጣችን ላይ ሳትገባ እንድንታረቅ ነው። እሷም ይህን ታውቃለች። ነገር ግን በእሷ ላይ ሦስት ፀሐይ ገብቷል።

«ያንን የደረቀ ሽሮ ለምን አቀረብሽለት? አዲስ መሥራት ወይም መተው ይቻል ነበር» አልኋት። ሣቀችና «እንዲያየው ነዋ!» አለች። እንግዲህ ያ ትሪ የቀረበው ለመብል ሳይሆን ለምስክርነት ነው። አለመብላቷም እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ጾም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ክስ ሆነ። ከውጭ ሲያዩት አንድ ረኀብ ነው፤ ውስጡ ግን ተለውጧል። ነቢዩ ኢሳይያስ በሃምሳ ስምንተኛው ምዕራፍ ለጥልና ለክርክር የሚጾሙትን የገሠጸው ስለዚህ ነው። ከሥጋና ከወተት ተለይተን ኩርፊያን ጠዋት ማታ ከበላን፣ ምኑን ጾምነው?

በዚያ እሑድ የሚታሰበው የጌታ ዳግም ምጽአት ነው። በማቴዎስ ወንጌል ሃያ አራተኛው ምዕራፍ ስለ አንድ ክፉ ባሪያ ተጽፏል። ይህ ባሪያ «ጌታዬ ዘግይቷል» ብሎ በልቡ አሰበና ባልንጀሮቹን መምታት ጀመረ። ሁልጊዜ ይህን ስንሰማ የምናስበው ስለ ሰነፍ ሰው ነው። ነገር ግን ለሚጠብቅ ሰውም ትልቅ ትምህርት አለው። የሚመጣው ሲዘገይ የሚጠብቀው ሰው ልብ ይፈተናል። መምታት በእጅ ብቻ አይደለም፤ በዝምታም ይመታል። በሦስቱ ቀን ዝምታ ከአባት ይልቅ የተመቱት ልጆቹ ናቸው።

የጎረቤቱ ሱቅ

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና የረመዳን ጾም ተገጣጥመው ነበር፤ በ2016 ዓ.ም.ም እንዲሁ ሆኗል። እኛ ሐረር የምንኖር ሰዎች ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር አብረን እየጾምን ሰንብተናል። ጎረቤቴ ሱቅ አጠገብ አንድ ሙስሊም ልብስ ሰፊ አለ። እሱም ለዒድ ልብስ ደንበኛው ተሰልፎበታል። እሱም ኪራይና ልጆች አሉበት። ነገር ግን የመግሪብ አዛን ሊደርስ ሲል መኪናውን ሸፍኖ ይነሣል። ደንበኛው ቢቆምም ይነሣል። ደንበኛውም አይቈጣም፤ «ሰዓቱ ደርሷል» ብሎ እሱም ይሄዳል። በዚያች ሰዓት የጁገል መንገድ ጭር ይላል።

ወንድማችንን «እሱ እንዴት ቻለ?» ብዬ ጠየቅሁት። «የእሱ ሰዓት እኮ የእሱ አይደለም» አለኝ። መልካም መለሰ። ሰዓቱን የእግዚአብሔር ያደረገ ሰው ለደንበኛ አይሸጠውም። አንተስ ለሚስትህ የሰጠሃት ሰዓት የማን ነው? ቃል ከገባህ በኋላ ያቺ ሰዓት ያንተ አይደለችም፤ የእሷ ናት። ደንበኛ ሲለምንህ የምትሰጠው ያንተን ሳይሆን የሷን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሷን አስፈቅድ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ስልክ ነው።

ዲያቆኑም ዘግይቷል

እዚህ ላይ ሁለቱን መክሬ፣ አስታርቄ ወደ ቤቴ ገባሁ ብል ጽሑፉ ያምር ነበር። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ይህን ስናወራ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ቤት ስንገባ ቡናውን እየቀዳች በለሆሳስ «የአንተ ደንበኛ ማን ነው?» አለችኝ።

እኔ ካገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው። በዚያ ጾም ከጉባኤ፣ ከመዝሙር ጥናት፣ ከስብሰባ እያልሁ በሳምንት ሦስት አራት ማታ ሳመሽ ነበር። «ሁለት ሰዓት እመጣለሁ» እላለሁ፤ ከስብሰባው በኋላ ግን ከጓደኞቼ ጋር በር ላይ ቆመን ጨዋታ ይዘን አራት ሰዓት ይሆናል። ስትጠይቀኝ «አገልግሎት ነው» እላታለሁ። ከዚህ በኋላ ምን ትበል? ልብስ ሰፊውን «ከእኔ ገንዘብ ይበልጥብሃል» ብላ ሚስቱ ልትከሰው ትችላለች። የእኔዋ ግን «ከእኔ እግዚአብሔር ይበልጥብሃል» ብላ እንዴት ትክሰሰኝ? የማይከራከሩትን ምክንያት አቅርቤ አፏን ዘግቻለሁ።

ያን ጊዜ በማርቆስ ወንጌል ሰባተኛው ምዕራፍ ያለው የቍርባን ነገር ትዝ አለኝ። ለአባትና ለእናት ሊደረግ የሚገባውን «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» እያሉ የሚያስቀሩትን ጌታ እንዴት እንደገሠጻቸው ታውቃላችሁ። ለእግዚአብሔር በተሰጠ ስም የሰውን ድርሻ መንሣት እግዚአብሔርን አያስደስተውም። በአራተኛው መቶ ዓመት የተነሣው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ጋብቻ ሲያስተምር ቤትን እንደ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ተናግሯል። ታዲያ በትልቁ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሜ እያወራሁ ትንሿን ቤተ ክርስቲያን ያለ አገልጋይ ትቻት ነበር። ስለዚህ በዚያች እሑድ ዳኛ ሆኜ ወጥቼ ተከሳሽ ሆኜ ገባሁ።

በሩና ሰዓቱ

አሚር ኑር በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ያሠራው የጁገል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። በ1847 ዓ.ም. ወደ ከተማይቱ የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እንደ ጻፈው፣ ማታ ማታ የበሮቹ ቁልፍ ወደ አሚሩ ይወሰድ ነበር፤ እስኪነጋም የሚወጣ አልነበረም። በዚያ ዘመን ለሚዘገይ ሰው ምክንያት የሚሰማ በር የለም። ግንቡ ዛሬም ቆሟል፤ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በሮቹ ግን ሌሊት አይዘጉም። ሦስት ሰዓትም አምስት ሰዓትም ብትመጣ ትገባለህ።

የቤታችንም በር እንዲሁ ሆነ። የሚወደን ሰው በሩን አይዘጋብንም። ስለማይዘጋም ሰዓት የሌለው መሰለን። በሩ ክፍት የሆነው ግን ሰዓቱ ስለ ቀረ አይደለም፤ ውስጥ ያለው ሰው ሳይተኛ ስለሚጠብቀን ነው። ለክፍቱ በር ዋጋ የሚከፍል አለ። በአሥሩ ቆነጃጅት ታሪክም ሙሽራው ሲዘገይ ሁሉም አንቀላፍተዋል፤ ልባሞቹ የተለዩት ዘይት በመያዛቸው ነው። የሚጠብቅ ሰው ዘይት ትዕግሥቱ ነው። ዘይት ደግሞ ያልቃል። የሚያስጠብቅ ሰው ይህን ይወቅ።

እግዚአብሔርንም የምናስጠብቀው በዚሁ ሐሳብ አይደለምን? «ንስሐ እገባለሁ፤ መንገድ ላይ ነኝ» እንላለን፤ ከኋላችን ግን የመኪናው ድምፅ ይሰማል። እሱ ስለማይተወን እናዘገየዋለን። በእራት ሰዓት የምንማረው ልማድ ለነፍሳችንም ይተርፋል ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ቃል የምትገቡ፤ የምትችሉትን ሰዓት ንገሩ። ለማስደሰት ሲባል «አንድ ሰዓት» ከማለት እውነተኛውን «ሦስት ሰዓት» ማለት ይሻላል። የምትዘገዩ ከሆነ ሰዓቱ ሳያልፍ ደውሉ፤ ሱቅ ከሆናችሁ «ሱቅ ነኝ» በሉ። ስትገቡ ከምክንያቱ በፊት ይቅርታውን አስቀድሙ። ምክንያት ሲቀድም ይቅርታው ከኋላው ጠፍቶ ይቀራል።

የምትጠብቁ፤ የተስማማችሁበት ሰዓት ካለፈ ብሉ። ርቦ መቆየት የፍቅር መለኪያ አይደለም። በደሉን በግልጽ፣ አንድ ጊዜ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ተናገሩ። የደረቀ ወጥ እንዲናገርላችሁ አትተዉ። ይህ ሁሉ ለወንዶች ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ ሸዋ በር ገበያ ላይ አምሽታ የምትገባ እናትም፣ ማታ ተረኛ የሆነች ነርስም አለች። እሷንም የሚጠብቃት አለ፤ የሚጠብቃትም ምድጃው ላይ ቢጥድላት አይከብርበትም አይዋረድበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። መዘግየቱ ስካርን ወይም ሌላ ቤት የሚሸፍን ከሆነ፣ ወይም ጠያቂዋ ስትጠይቅ ዱላ የሚነሣባት ከሆነ ያ የእራት ነገር አይደለም። «ታገሽ» ብቻ ተብሎ አይታለፍም። ለንስሐ አባትና ለሚታመን ሽማግሌ፣ ካስፈለገም ለሕግ ይነገር።

ወደ ጎረቤቶቼ ልመለስና ልጨርስ። አልፈረድሁም፤ የራሴን ነገር ነገርኋቸውና ሁላችንም ሣቅን። በኒቆዲሞስ ሳምንት አንድ ማታ ከግድግዳው ወዲያ ስልኩ ሲጠራ ሰማሁ። እሷ አነሣችና ዝም ብላ አዳመጠች። ከዚያ «እሺ፤ እንግዲያው እኛ እንብላ፤ ያንተን እናስቀምጣለን» አለች። ልጁ «የት ነው አለ?» አላት። «ሱቅ ነኝ አለ» ብትለው ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ዛሬ ይመጣል ማለት ነው» አለ።

እኔም ሰዓቴን አየሁ። ለጉባኤ ልወጣ ስነሣ ባለቤቴን «ሦስት ሰዓት» አልኋት። ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው በር ላይ የቆሙትን ጓደኞቼን ተሰናብቼ ሮጥሁ። «ዲያቆን፣ ምን ያሯሩጥሃል?» አሉኝ። «ሌላ አገልግሎት አለብኝ» አልኋቸው።

ቀሪውን የጾም ወራት በሰላምና በፍቅር ያስፈጽመን፤ ለብርሃነ ትንሣኤውም በአንድ ማዕድ ያድርሰን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።